መንግሥት ሲጠራ አቤት ያለው ሰው

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለቃሲም፤ ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ጣናም ሞልቶ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ከፍቶ የሚያነበው ሰው ካለ ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው።

ሕግ ልትማር ሄደሃልና አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንግሥት ማን ነው? አትሳቅ፤ የምሬን ነው።

ባሌ ቡርሀን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ጠርቦ የሠራትን የሳንቃ ጀልባ ታውቃታለህ። ልጅ ሆነህ ከጫፏ ወድቀህ ስንት ውኃ ጠጥተሃል! እሱ ከሞተ ወዲህ የምኖረው በሷ ነው። ከዘጌ ማገዶና ሎሚ አመጣባታለሁ፤ ጌሾም እጭናለሁ። ሐራሙ መጥመቁ እንጂ መጫኑ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ባለፈው ሰኔ ወደቡ አጠገብ ካለው የእህል መጋዘን ሁለት ሰዎች መጡና «ጀልባዋ ለዘመቻ እህል ማጓጓዣ ለጊዜው ትፈለጋለች» አሉኝ። እሺ አልሁ። እምቢ ማለትን ማን አስተማረኝና! አንዲት ወረቀት ሰጡኝ። እህሉ በሐምሌ ተጓጉዞ አለቀ፤ ጀልባዋ ግን መጋዘኑ ፊት ለፊት ታስራ ቀረች። የመጋዘኑን ኃላፊ «መልሱልኝ» ስለው «እኔ አልወሰድኋት፤ የወሰዳት መንግሥት ነው» አለኝ። «እሺ፣ መንግሥትን የት ላግኘው?» ስለው ተቆጣኝ።

ፍርድ ቤት ሄድሁ። በር ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ «ተከሳሹ ማን ይባል?» አለኝ። ወረቀቴ ላይ «በመንግሥት ስም» ይላል። «መንግሥት ብለህ ጻፍ» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ?» «ወረቀቱ ነው እርግጠኛ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አልሁት። ጻፈው።

የቀጠሮዬ ቀን ችሎት አስከባሪው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ደንቡ ተጣራ። «ከሳሽ ወይዘሮ ዘይቱና!» «አቤት!» አልሁ። «ተከሳሽ መንግሥት!» ዝም። «መንግሥት!» ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጣራ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዱማ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ዳኛው «ተከሳሹ አልቀረበም» አሉና ቀጠሮ ሰጡኝ።

እና ልጄ፣ መንግሥት ተብሎ ሲጠራ አቤት ማለት ያለበት ማን ነው? መጽሐፍህን ግለጥልኝ። ጀልባዋ ተሰነጣጥቃ ሳትቀር ቶሎ በል።

አክስትህ ዘይቱና


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዘይቱና

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ በረዶ ጥሏል፣ ጫማዬ ግን አዲስ ነው። ደብዳቤዎ በአምስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። ፖስታው አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ይመስላል። እባክዎ አክስቴ፣ ለዚያ ሰው ሰላምታ መላኩን ይተዉት።

ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሣኝ። ሦስት ዓመት ሕግ ስማር አንድም ቀን አልጠየቅኩትም! መንግሥት በሕግ ዓይን እንደ ሰው ነው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት አለው። አፍ ግን የለውም። ፍርድ ቤት ሲቆም አንድ ሰው አፉን ሊያውሰው ግድ ነው። ያ ሰው የማዋሱን ሥልጣን ከየት አገኘው? ወይ አዋጅ «አንተ ተናገርለት» ብሎት ነው፣ ወይ ሥልጣን ያለው ሰው በወረቀት ወክሎት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለው፣ መኪና ቢኖረውም ሾፌር ቢኖረውም፣ ችሎት ፊት እንደ እርስዎና እንደ እኔ ተራ ሰው ነው። የአገራችን ሕግ በዝርዝር ምን እንደሚል መጽሐፉ እዚህ ስለሌለኝ በእርግጠኝነት አልናገርም።

ምግብ ቤት ውስጥ ከቬትናምና ከቡልጋሪያ ጓደኞቼ ጋር ስንከራከር አመሸን። ቬትናማዊው «ሁለት ሰዎች መጥተው ሁለቱም መንግሥትን ወክያለሁ ቢሉስ?» አለ። ቡልጋሪያዊው «ማኅተም የያዘው ነዋ» አለ። «ማኅተሙ የተሰረቀ ከሆነስ?» አልኩ። ሾርባችን ቀዘቀዘ።

ስለዚህ የተሰጠዎትን ወረቀት ቃል በቃል ገልብጠው ይላኩልኝ። ማን ፈረመበት? ከፊርማው ሥር ማዕረግ አለ? ማኅተሙ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ምንም ነገር እንዳያልፍዎ።

የወንድምዎ ልጅ ቃሲም


ባሕር ዳር፣ ጥር 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ቃሲም፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጉልበቴን ስላልጠየቅኸኝ ራሴ ልንገርህ፤ ይሻለኛል። ስለ ማኅተሙ ስትጠይቅ ግን ጀልባዋን ትተህ ማኅተሙን የምትወርስ ነው የመሰለኝ። ክብ ነው። ግማሹ ቀለም አልያዘም። ደግሞ «አልጠየቅኩትም» ትለኛለህ! አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ብትቀመጥ እንደ ርግብ ኩ ኩ ማለት ጀመርህ?

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «አንዲት የሳንቃ ጀልባ ለጊዜው በመንግሥት ስም ተረክበናል።» አለቀ። ከማን እንደተረከቡ አይልም። ፊርማው ዝናብ ሲመጣ ከመሬት የሚወጣውን ትል ይመስላል፤ ስምም ማዕረግም የለውም። ጀልባዋ የኔ መሆኗን የሚያውቀው የሐይቁ ሰው ሁሉ ነው፤ ወረቀቱ ብቻ አያውቅም።

አሁን ጉዱን ስማ። የመጋዘኑን ዘበኛ አያ ክንዱን አታውቀውም። የመራዊ ሰው ነው፤ ከሚስቱ ከአገርነሽ ጋር መጋዘኑ ጥግ ባለች አንድ ክፍል ይኖራል። ጀልባዬ እዚያ ከታሰረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውስጧ የገባውን ውኃ በጣሳ እየቀዳ የሚያፈስላት እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም። «ሰው የደከመበት ነገር ሲበሰብስ ማየት አልወድም» ይላል።

ትናንት ሁለተኛው ቀጠሮዬ ነበር። ችሎት አስከባሪው ተጣራ፤ «ተከሳሽ መንግሥት!» ዝም። «መንግሥት!» ዝም። እኔም ልሄድ ነጠላዬን እያስተካከልሁ ነው። «መንግሥት!» ሲል ከኋላዬ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ዘወር ብል አያ ክንዱ! ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፖስታ ይዞ፣ እየሮጠ ይገባል። ለካ ኃላፊው «መንግሥት ተብሎ ሲጠራ ገብተህ ይህን ለዳኛው ስጥ» ብሎ ልኮታል።

ዳኛው «አንተ ማን ነህ?» አሉት።

«ክንዱ ነኝ ጌታዬ።»

«መንግሥት ተብሎ ሲጠራ አቤት ያልኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ሲጠራ ግባ ተብያለሁ።»

«መንግሥትን ወክለህ ነው?»

«የመንግሥት ደሞዝተኛ ነኝ ጌታዬ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ጀልባዋን ታውቃታለህ?»

«እንዴት አላውቃትም! በየቀኑ ውኃዋን እቀዳለሁ።»

«የማን ናት?»

«የዘይቱና ናት እንጂ! ባሏ ሲሠራት አገር አይቷል።»

የችሎቱ ጸሐፊ ሁሉንም ጻፈና አነበበው። እኔ ጆሮዬን አላመንሁም። «ተከሳሽ መንግሥት ቀርቦ፣ ጀልባዋ የከሳሽ መሆኗን አምኗል።» ፖስታው ኋላ ሲከፈት «ጉዳዩ መሥሪያ ቤታችንን አይመለከትም» ይላል። ለፍርድ ለሰኔ 28 ተቀጠረ።

እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድሁ። ዛሬ ሁለት ቀረሶ ጠብሼ ለአያ ክንዱ ወሰድሁለት። ዓሣ መቼም ማን አረደው አይባልም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። «ምን አድርጌልሽ ነው?» አለኝ። ምን እንዳደረገ አላወቀም።

አክስትህ ዘይቱና


ላይፕዚግ፣ የካቲት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምና በረካ ከቤትዎ አይጥፋ። ደብዳቤዎን መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ አውቶቡስ አመለጠኝ። አክስቴ፣ አሸነፉ እኮ! ይህ በሕግ የእምነት ቃል ይባላል። ተከሳሽ ራሱ ካመነ ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ያንን ቃል አጥብቀው ይያዙት። ማንም «ስህተት ነው» ቢል እንዳይሰሙ። «ፍርድ ቤቱ ጠራው፣ እሱ አቤት አለ፣ ጸሐፊው መዘገበ» ይበሉ። ደጋግመው ይበሉ።

ለመምህሬ ነገርኩት፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። የዓመቱን ጽሑፌን በዚህ ጉዳይ ላይ እንድሠራ ፈቀደልኝ። መቼ ነው አንድ ዘበኛ መንግሥት የሚሆነው? ለስንት ደቂቃ? ከችሎቱ ሲወጣስ ይቀራል ወይስ እስከ መጋዘኑ ድረስ መንግሥት ሆኖ ይሄዳል?

የመዝገቡን ግልባጭ ቢልኩልኝ። የአያ ክንዱንም ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ መቼ እንደተቀጠረ፣ የቅጥር ደብዳቤውን ማን እንደፈረመው። ለጽሑፌ በጣም ያስፈልገኛል።

ቃሲም


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ቃሲም፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ሙሉ ስሙን አልሰጥህም።

አንተ እዚያ ስትስቅ እዚህ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ነገሩ ለመጋዘኑ የበላዮች ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አያ ክንዱን መካከል አቆሙት። «ለመንግሥት አዎ እንድትል ማን ሾመህ?» «አልተሾምሁም፤ ተላክሁ።» «የመንግሥትን ንብረት ለግለሰብ አሳልፈህ ሰጥተሃል።» «የግለሰቡን ለግለሰቡ ነው ያልሁት።» ይኸኛው መልሱ ነው የባሰው። አንተም ታውቃለህ፣ ከስብሰባ ቀጥሎ የሚጠሩበት ቦታ አለ። እዚያ ተጠርተው የቀሩ ሰዎች ስም በዚህ ደብዳቤ አይጻፍም።

ግለ ሂስ ጽፈህ አምጣ አሉት። መሠረተ ትምህርት ገብቶ ገና «መ» ላይ ነው፤ ምን ብሎ ይጻፍ? የጻፍሁለት እኔ ነኝ። አየህ፣ ከሳሽ ለተከሳሽ ስትጽፍ! «እኔ ክንዱ፣ መንግሥት ሳልሆን መንግሥት ተብሎ ሲጠራ አቤት በማለቴ አጥፍቻለሁ» አልሁ። መልሰው ላኩት። ጥልቀት ይጎድለዋል አሉ። ከዚህ በላይ የት ድረስ ልቆፍር?

ሰኔ 28 የሚሰጠውን ውሳኔ ነው የሚጠብቁት። ዳኛው በአያ ክንዱ ቃል ከፈረዱልኝ፣ የመንግሥትን ጀልባ ያስወሰደ ሰው እሱ ይሆናል። ጀልባዋ አጠገብ እንዳይደርስ ከልክለውታል። አገርነሽ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ጣሳውን ብቻ ከእጁ ወስዳ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ራሷ መቅዳት ጀምራለች። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየኋትና በጣም አፈርሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አጥብቀሽ ያዢ አልኸኝ። የምይዘው እኮ ሰው ነው! አሁን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ወንድሜ ልጅ መልስልኝ። አያ ክንዱ በዚያች ቀን መንግሥት ነበር ወይስ አልነበረም? አልነበረም ካልሁ ጀልባዬ ትቀራለች። ነበር ካልሁ ደግሞ እሱ ይቀራል።

ዘይቱና


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

አላህ ይጠብቅዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር ሊሆነው ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ጽሑፌን ክፍል ውስጥ ያነበብኩት ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ነው። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እያወቅኩ አነበብኩ። ሁሉም ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ቬትናማዊው ጓደኛዬ ብቻ አልሳቀም። «ሰውየው አሁን የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጽሑፉን ከመምህሩ መልሼ ወስጃለሁ፤ ሌላ ርዕስ ይዣለሁ።

መልሱ ይኸው፦ አያ ክንዱ መንግሥት አልነበረም። ደሞዝ መቀበል የደሞዝ ከፋዩ አፍ አያደርግም። ለመንግሥት አዎ የሚል ሰው አዎ እንዲል የሚያስችለው አዋጅ ወይም ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ እሱ የያዘው የታሸገ ፖስታ ብቻ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ራሴ ጽፌልዎት ነበር፤ ነገሩ ሲያስጎመጀኝ ረሳሁት። ለዳኛው ይህን ከነገሩ የሱ ቃል ይሰረዛል፣ እሱም ነፃ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጀልባዋ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አጥብቀው ይያዙም ይልቀቁም ለማለት አፍ የለኝም።

የመዝገብ ግልባጭ አልፈልግም። አያ ክንዱ እንዴት ነው? አገርነሽስ? ጉልበትዎስ?

ቃሲም


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለቃሲም

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፤ ጉልበቴን ስለጠየቅህ ዕድሜህን ያርዝመው። ደብዳቤህ ከቀጠሮዬ ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። የሰነበተውን ቂሜን ትቼልሃለሁ።

ሰኔ 28 ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው አያ ክንዱን መካከላቸው አድርገው ኋላ ተቀምጠዋል። ችሎት አስከባሪው ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ «መንግሥት!» ያን ቀን አቤት የሚል ጠፋ። አያ ክንዱ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል። ዳኛው ወረቀታቸውን አንስተው ሊያነቡ ሲሉ ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ መዝገቡ ተሳስቷል። ያን ዕለት አቤት ያለው መንግሥት አይደለም፤ አያ ክንዱ ነው። ፖስታ አድርስ ተብሎ ነው የመጣ። ለመንግሥት አዎ የሚልበት ወረቀት የለውም።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ስትዪ የሚጎዳው የማን ክስ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልሁ። ቡርሀን ትዝ አለኝ፤ ያን ሁሉ ሳንቃ ሲያለዝብ። ልቀመጥ ጎንበስ አልሁና፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ እንደገና ቀና አልሁ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ ጌታዬ። አዎ ለማለት ወረቀት ያስፈልጋል ከተባለ፣ እምቢ ለማለትስ? ዓመት ሙሉ እምቢ የሚሉኝ ሰዎች ወረቀታቸው የት አለ?»

ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ኋላ ወዳሉት ሰዎች አዩና «እናንተ መንግሥትን ወክላችሁ ነው የቀረባችሁት?» አሉ። አንደኛው ተነሥቶ «የለም፤ ለመታዘብ ነው» አለ። «ጀልባዋን በመንግሥት ስም ይዣለሁ የሚል፣ ውክልና ያለው ሰው በዚህ ችሎት አለ?» ወላ ሰው የተነፈሰ የለም። አዎ ካሉ ኋላ ለምን ያዛችሁ ይባላሉ፣ አይ ካሉ ለምን ለቀቃችሁ ይባላሉ። ለካ እነሱም ወረቀት የሚሰጣቸው አጥተው ነው የከረሙት!

ትእዛዙን ገልብጬልሃለሁ፤ ማኅተሙ ክብ ነው፣ ቀለሙም ሙሉ ነው። «የክንዱ ቃል ለመንግሥት የመናገር ሥልጣን ሳይኖረው የተሰጠ ስለሆነ ከመዝገቡ ተሰርዟል። ጀልባዋን ከሳሽ እንዳትወስድ በመንግሥት ስም የሚከለክል ሰው፣ የመከልከል ሥልጣኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። ካልቀረበ ከሳሽን የሚያግድ የለም።»

የአያ ክንዱም ግለ ሂስ ያንኑ ሳምንት ተቀባይነት አገኘ። አንድ ፊደል አልጨመርሁበትም፤ በፍርድ ቤት ያልተናገረ ሰው የሚሄሰው ነገር ቢያጣ ጊዜ ጥልቀት አገኘ መሰለኝ። ዘበኝነቱ ላይ ነው። አገርነሽ ስታገኘኝ አቅፋ ሳመችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ትእዛዙን ይዤ ወደ መጋዘኑ ወረድሁ። ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው ቅዳሜን የመረጥሁ። ኃላፊው በመስኮት ብቅ አለ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «በመንግሥት ስም የምትከለክለኝ አንተ ነህ?» ስለው መስኮቱን ዘጋው።

እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው፣ ችሎት አስከባሪው እንደሚያደርገው ላድርግ አልሁ። ጀልባዋ አጠገብ ቆምሁና በሐይቁ በኩል ጮኽሁ። «መንግሥት!» ሎሚ የሚሸጡት ሴቶች ዘወር አሉ። «መንግሥት!» ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። አያ ክንዱ ካፖርቱን ቆልፎ አጠገቤ ቆሟል፤ ሦስተኛውን ልጣራ ስል አፉን ሊከፍት ሲሞክር አየሁት። ልማድ መጥፎ ነው። «ተው እንጂ!» አልሁት፤ ከንፈሩን ነከሰ።

«መንግሥት!»

ውኃው ብቻ ነው የተሰማ። አያ ክንዱ አቤት አላለም። ገመዱን ግን የፈታልኝ እሱ ነው።

አክስትህ ዘይቱና